ከአፍንጫ ወደ ጭራ

ቅዳሜ ማታ፣ ኦቴፓ፣ የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፤
ደጁ ከዜሮ በታች ዐሥራ አንድ፣ ውስጡ የቀለጠ ሰም ሽታና ሙቀት።
ዘጠኝ ጥንድ የልጆች ስኪ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣
እንደ ታካሚ ይጠብቃሉ ወረፋቸውን ይዘው።
ኤንደል አንዱን ከጠረጴዛው ጋር በመቆንጠጫ አሰረው፣
ሆዱን ወደ አምፖሉ ገልብጦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤
«ብሩሽ» አለኝ። «ብሩሽ» ብቻ። የቱን ብሎ ማን ይጠይቀው?

መደርደሪያው ላይ አምስት አሉ፤ የወንድማማች ነው መልካቸው፣
በመዳፍ ሲነኳቸው ግን የባላንጣ ነው ጠባያቸው።
ብረቱ አለ፣ ፀጉሩ ቀጭን፣ ዓመሉ የጠበቃ፣
ሳይጠይቁት የሚቧጥጥ፣ የተኛ ጉድፍ የሚያነቃ፤
ነሐሱ አለ፣ ከሰም በፊት የትናንቱን እድፍ የሚያወጣ፣
እንግዳ ሳይደርስ ቤት ጠርጎ በጓሮ የሚሄድ፣ ተመልሶ የማይመጣ፤
ሌላ ነሐስ አለ ደግሞ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረ፣
ለንጹሕ ሰም ብቻ የተሾመ።
«ሁለቱን ያምታታ» ይላል ኤንደል፣
«በእግር ፎጣ ፊት ያበሰ፣ ሙያውን በእጁ የቀበረ።»
ናይለኑ አለ፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠራ፣
ሁሉም ደክሞ ከጨረሰ ወዲያ መጥቶ በሰው ላብ የሚያበራ።

አምስተኛው የፈረስ ጭራ ነው።
ሚራ ነበር ስሟ፤ ግንድ ትጎትት ነበር ከጫካ፣
እሱ ጎረምሳ ሳለ። ያረጀች ጊዜ ከጭራዋ ቆርጦ
በበርች እንጨት ላይ፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ፣ ሰካ።
ሃምሳ ዓመት ሆነው። ምትክ አልተገዛለትም፤
ጫፉ አጠረ እንጂ ፀጉሩ አልሳሳም።

እኔ የቱን ሰጠሁት? ናይለኑን። አምሮብኝ።
አልተቆጣም፤ እንደ ትርፍ ሳንቲም መልሶ አስጨበጠኝ።
«ፊት ሳይታጠብ ቅባት?» አለ። «ነሐስ። ቀይ ክር የሌለው።
ዐሥር ጊዜ። ከአፍንጫው ወደ ጭራው።
አንዴ ወደ ኋላ ብትሄድበት
ነገ በረዶው ይነግርሃል፣ ስምህን ጠርቶ፣ በሰው ፊት።»

ከካውያው ሰም ተንጠባጠበ፤ ተዳመጠ፤ ቀዘቀዘ።
በፕላስቲክ ፋቅነው፤ ጥቅልሉ ከጫማችን ሥር እንደ መላጨት ፀጉር በዛ።
ያኔ ነው ያመለጠኝ፦ «ባገሬ ሰሙን ሲገፉት
ከሥሩ ወርቅ አለ ይባላል፤ ብልህ ነው የሚያገኘው።»
ስኪውን ወደ አምፖሉ አዘነበለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጮልቆ፣
«ሃምሳ ዓመት ፋቅሁ፤ ያገኘሁት ጥቁር ፕላስቲክ ነው» አለ ስቆ።
ሳቁ ካለቀ በኋላ፣ መፋቂያውን በሱሪው እያበሰ፣
«ወርቅ ካልክ፣ እሱም ሰም ነው። ከቀዳዳው ገብቶ የቀረው።
ብሩሽ ቢለፋ ቢለፋ የማያወጣው።»

ከገና ወዲህ ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ብሎታል።
የመጨረሻው ጥንድ ላይ ደርሰን፣ የትንሿ የሊስቤት፣
ሚራን ሰጠኝ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ከደነ፣
በጆሮው ያየኝ ጀመር። «አትጫን። ክብደቷ ይበቃታል።
አሁንም ትንኮሻ ይሰማኛል። ድገም።
ድምፁ ሹክሹክታ ሲሆን ተው።»
ደገምኩ። ደገምኩ። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አለፈ፤
አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በራሱ ፈቃድ አረፈ።

እሑድ ሊስቤት ከዐሥራ ሰባት ልጆች ዐሥራ ሦስተኛ ወጣች።
ማንም ስለ ብሩሽ አላነሣም። ሾርባ ተጠጣ።
ኤንደል ግን ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ እያየ፣
«ቁልቁለቱ ላይ፣ ሳትገፊ፣ እስከ ድልድዩ ወሰደሽ?» አላት።
«አልፎኝ ሄደ» አለች፤ ቃሉ ተምታታባት።
እሱ ግን ገባው። ጓንቱን አውልቆ ደግሞ አጠለቀው።

ማታ ቤቴ ስገባ እጅጌዬ ላይ አንድ ጥቁር ፀጉር አገኘሁ፣
የስንዝር እኩሌታ፣ ሰም የነካው። መብራት ላይ ያዝኩት፤
ላስተካክለው ብዬ በጣቶቼ መሀል ሳብኩት፤
የቱ ጫፍ ሥሩ፣ የቱ ጫፍ መድረሻው እንደሆነ
አልለየው አለኝ።